የኮሌጅ ዝናና የልጅ ዕድል

ርእሰ አንቀጽ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በታወቀ ቁጥር በልደታ ማርያም ዙሪያ ባሉ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «ልጃችን የት ይግባ? ምንስ ይማር?» የሚለው ነው። ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልሱ ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። አንድ ሰሞን ሕክምና ካልሆነ ሌላው ትምህርት ትምህርት አይደለም ይባላል። ሌላ ሰሞን ምሕንድስና፣ ከዚያም የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ይነግሣል። አሁን በያዝነው ዘመን ደግሞ ኮምፒውተር ያልተማረ ልጅ እንጀራ አያገኝም የሚለው ወሬ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይሰማል።

ይህ ጉዳይ የአዲስ ገቢዎችና የወላጆቻቸው ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ያለነውን ተማሪዎችና መምህራን በቀጥታ የሚነካ ነው። በአንድ ወንበር አብሮን የሚቀመጠው ጓደኛችን ትምህርቱን ወዶ የመጣ ነው ወይስ በወሬ ተገፍቶ? አንዱ የትምህርት ክፍል መቀመጫ ሲጠበው ሌላው ተማሪ እየናፈቀ የሚውለው ለምንድን ነው? መምህሩስ የማይወዱትን ትምህርት ለመጡ ልጆች እስከ መቼ ያስተምራል? እነዚህን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንሥተን ልንነጋገርባቸው ወደድን።

የምንለው ነገር አጭር ነው። የኮሌጅ ዝና የዘገየ ወሬ ነው። ዝናው የሚነገረው ከዓመታት በፊት ገብቶ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ዛሬ ጥሩ ደመወዝ ስለሚበላው ሰው ነው። ዛሬ የሚገባው ተማሪ ግን ሥራ የሚፈልገው ከአራት፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ያንኑ ወሬ ሰምተው የገቡት ሁሉ አብረውት ተሰልፈው ይጠብቁታል። እንግዲህ በዝና ብቻ የሚመርጥ ሰው ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከልደታ ማርያም ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል እስከ ሰንጋ ተራና እስከ ጥቁር አንበሳ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የአራት ትምህርት ቤቶችን ደጅ ሊያይ ይችላል፤ ተግባረ እድን፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትን፣ የሕንፃ ኮሌጅንና የሕክምና ትምህርት ቤትን። አራቱም በየተራቸው ተፈልገዋል፤ በየተራቸውም ተረስተዋል ወይም ተጠርጥረዋል።

ተግባረ እድ ጠላት ከአዲስ አበባ በወጣ ማግስት በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ስሙ ራሱ የእጅ ሥራ ማለት ነው። የእጅ ሥራ ደግሞ በአገራችን እንዴት ይናቅ እንደ ነበር ለማወቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸውን ማስታወስ ይበቃል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ የወላጅን ልብ ወዲያው አልለወጠም። ብዙ አባቶች ልጃቸው ብዕር ይዞ ጠረጴዛ አጠገብ ሲቀመጥ እንጂ መፍቻ ይዞ ሞተር ሥር ሲገባ ማየት አይወዱም ነበር። ኋላም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ሲውል፣ የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ተፈትነው ወደ መሰናዶ ያላለፉት ወደ ቴክኒክና ሙያ ተመሩ። ከዚህም የተነሣ ሙያ መማር የወደቀ ልጅ ማረፊያ ተደርጎ ተቈጠረ። ነገር ግን ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወሰን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከፍቶ የሚያይ ባለሙያ የት አለ ተብሎ መጠየቁ አልቀረም። የተናቀውን ትምህርት የናቀው ሰው ራሱ መኪናው የቆመ ዕለት ይፈልገዋል።

ከተግባረ እድ ብዙም ሳይርቅ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይገኛል። እርሱም በ1930ዎቹ ዓመታት የተከፈተ ሲሆን፣ ኋላ ኮሌጅ ሆኖ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር ይገኛል። በዚያ ታይፕና ሾርትሃንድ፣ የሒሳብ መዝገብና የቢሮ አሠራር የተማረ ወጣት መሥሪያ ቤት ደጅ ሳይጠና ሥራ የሚያገኝበት ዘመን ነበር። ሴት ልጃቸውን ወደ ሩቅ ለመላክ የሚፈሩ ወላጆችም የጽሕፈት ሥራን እንደ ታላቅ ተስፋ ያዩት ነበር። ዛሬ የታይፕ ድምፅ ከየቢሮው ጠፍቷል፤ አለቃው ደብዳቤውን በገዛ ጣቱ ይጽፋል። ሆኖም ከዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መዝገብን መሠረት አጥብቃ የተማረች ልጅ ሥራ አልፈታችም። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ ሲፈቀድና ሰንጋ ተራ ዙሪያ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ሲቆሙ እርሷን የመሰሉ ሰዎች ይፈለጉ ነበር። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ትምህርቶች አንዱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ አረጀ፤ ሌላው መሣሪያው ቢለወጥም ኖረ።

የሕንፃ ኮሌጅ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት መተባበር በ1940ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥቂት ተማሪዎችን ተቀብሎ ጥቂቶችን የሚያስመርቅ ቦታ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ሥራ በአዲስ አበባ ሲስፋፋ፣ በኋላም የልደታ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ሲተከልበት፣ ኮፍያ አድርጎ ፕላን ዘርግቶ የሚቆም ወጣት መሐንዲስ የሰፈሩ ልጆች ምኞት ሆነ። መንግሥትም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ተማሪ ሰባው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ወሰነ። በየክፍለ ሀገሩ አዲስ በተከፈቱት ዩኒቨርስቲዎች ሁሉ ምሕንድስና ተዘረጋ። ቤተ ሙከራው ሳይሟላ፣ መምህሩ ሳይበረክት ተማሪው ገባ። ኋላ የግንባታ ሥራ በሲሚንቶና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲቀዘቅዝ ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆመው መሐንዲስ በዛ። ያን ጊዜ ያው ሰፈር፣ ያው ጎረቤት «ምሕንድስና ምን ያደርጋል!» አለ። ሕንፃ መሥራት ግን አልቀረም፤ የሚፈርስና የሚሠራ ቤት በዓይናችን እያየን ነው።

አራተኛው የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ሕክምና በኢትዮጵያ ወላጅ ልብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ዘመን በዙፋን የተቀመጠ ትምህርት ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ገና ፊደል ሳይቈጥር «ዶክተር» እየተባለ ያድጋል። ነገር ግን ይህም ዙፋን ተነቃንቋል። ተቀባይ ትምህርት ቤቶች በዙ፤ ከስድስት ዓመት በላይ የደከመ ሐኪም ደመወዙ ከቤት ኪራይ እንደማያልፍ ተናገረ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን በይፋ አንሥተው አገር ሁሉ ሲነጋገርበት ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ምርጫ ጉዳይ ሲነሣ ወላጆች ዝም ብለው ሲያስቡ ይታያሉ። ጥቁር አንበሳ በር ላይ ከሌሊት ጀምሮ የሚሰለፈው ሕመምተኛ ግን አላነሰም። ዝናው ቀነሰ፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው አልቀነሰም።

ከእነዚህ ከአራቱ ውጭ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የመምህርነት ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከዚያም በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲው ሲመሠረት፣ መምህር የሚባል ሰው በሰፈሩ የሚከበር፣ በዕድር የሚደመጥ፣ ደብዳቤ የሚነበብለት ሰው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውን ልጅ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ መላክ ልማድ ሆነ። ልጁም አዝኖ ገባ፤ አዝኖ ወጣ፤ አዝኖ አስተማረ። ዛሬ ኮሌጅ እንምረጥ የምንል ሁሉ ፊደል የቈጠርነው በእንዲህ ያለ መንገድ ከመጡ ሰዎች እጅ መሆኑን አንርሳ። ከእነርሱ መካከል ግዴታውን ወደ ፍቅር የለወጡ ብዙዎች ነበሩና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን አገር በሙሉ በእነርሱ ትዕግሥት ላይ መቆም አይገባትም።

ይህ የዝና መውጣትና መውረድ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሪቻርድ ፍሪማን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን መሐንዲሶች ነገር መርምሯል። ደመወዝ ከፍ ሲል ተማሪው ወደ ምሕንድስና ይጐርፋል፤ ሁሉም በአንድነት ሲመረቁ ሥራው ይጠባል፤ ደመወዙ ሲቀንስ ተከታዩ ትውልድ ይሸሻል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ መሐንዲስ ይጠፋል። ነገሩን የኢኮኖሚ ሊቃውንት የሸረሪት ድር ይሉታል፤ ዙሪያውን ሲዞር ይኖራልና። የእኛ ገበሬም ይህን ያውቀዋል። ዘንድሮ ሽንኩርት ተወደደ ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሽንኩርት ከተከለ፣ በሚመጣው ዓመት ሽንኩርቱ መንገድ ዳር ይፈስሳል። ልዩነቱ ገበሬው በሚቀጥለው ክረምት ሌላ መዝራት መቻሉ ነው። ተማሪ ግን አምስት ዓመቱን መልሶ አይዘራውም።

ታዲያ አሁን ነገሩን የሚያከብደው ምንድን ነው? ቀድሞ የሚፈልገው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በአገሪቱ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች አሉ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ ማለትም ከመቶ 5.4 አለፉ። እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. ከሃያ ልጆች አንዱ ያህል ብቻ ነበር በቀጥታ የደረሰን። እነዚህ በቍጥር የተለቀሙ ልጆች ሁሉ በአንድ በር ለመግባት ሲጋፉ፣ የታሪክ፣ የጂኦግራፊ፣ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የቋንቋ ክፍሎች ተማሪ ይናፍቃሉ። ነገ የሁለተኛ ደረጃውን ልጅ ሒሳብና ፊዚክስ አስተምሮ ፈተናውን እንዲያልፍ የሚያደርገው ማን ነው? በፈተና የሚወድቀው ልጅና በዩኒቨርስቲ ባዶ የሚሆነው የሒሳብ ክፍል የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው።

በዚህ ላይ የገንዘብ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። በሜክሲኮና በልደታ ዙሪያ ያሉት የግል ኮሌጆችም ከድሮ ጀምሮ የሚኖሩት በክፍያ ነው። ወላጅ ከኪሱ ሲያወጣ ወሬ የሚያስከፍለው ዋጋ ይጨምራል። እንጀራ ጋግራ ሸጣ፣ ዕቁብ ጥላ፣ ከዘመድ ተበድራ ልጇን የምታስተምር እናት የተሳሳተ ትምህርት ገዝታ ብትገኝ ገንዘቧን የሚመልስላት የለም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ወላጆች አንድ ነገር ልንል እንወዳለን። በግቢያችን «አባቴ አስገድዶኝ ነው» እያሉ በወላጅ መሳለቅ የተለመደ ሆኗል። ይህ ደስ አያሰኝም። ወላጅ በውጭ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ የጎረቤትን ልጅ መኪና፣ የምረቃውን ካባ፣ የደመወዙን ወሬ። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን፣ መምህሩ ስንት ቀን እንደሚገባ፣ መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ፣ የተመረቀው ሰው የት እንደ ወደቀ የሚነግረው ማንም የለም። ባልተነገረው ነገር ሰውን መውቀስ ፍርድ አይደለም። አንድ ልጅ ብቻ አስተምሮ በእርሱ ላይ ሰባት ነፍስ የሚያሳድር አባት «እንጀራ የሚያስገኘው የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አስተዋይ እንጂ ስግብግብ አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታዲያ የድሃ ልጅ ታሪክ ተምሮ ይራብ ነው የምትሉት?» ይሉን ይሆናል። አላልንም። እንጀራን ናቁ የሚል ምክር ከጠገበ ሰው አፍ እንጂ ከእኛ አይወጣም። የምንለው፣ እንጀራውን የምትጠይቁ ከሆነ በትክክል ጠይቁ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ልጅ ምን ደመወዝ አገኘ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አንደኛ የትም ቢገባ አይወድቅም። መጠየቅ ያለበት፣ መካከለኛ ውጤት ይዞ የወጣው ተመራቂ ከሦስት ዓመት በኋላ የት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛም፣ ይህ ትምህርት የሚያስተምረው አንድን መሣሪያ ነው ወይስ መሣሪያው ቢለወጥ የሚተርፍ ዕውቀት? የታይፕ ትምህርትና የሒሳብ መዝገብ ትምህርት ምሳሌ ከፊታችን ነው። ዛሬ በሁሉ አፍ ያለው የኮምፒውተር ትምህርትም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ሒሳቡንና አስተሳሰቡን የሚያስተምር ክፍል ልጁን ያኖረዋል፤ የአንድ ሰሞን ፕሮግራም ብቻ የሚያሳይ ክፍል ግን የታይፑን ዕጣ ያመጣበታል። ሦስተኛም፣ ልጁ ራሱ በዚህ ትምህርት ሌሊት ሊነቃለት ይችላል ወይ? ሳይወድ የተማረ ሰው በሚፈለግበት ዘመን እንኳ ቢመረቅ ከወደደው ኋላ ይቀራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

መምህሮቻችንንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቻችንን የምንለምነው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። በየዓመቱ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ተማሪ እንደ ገባ፣ ስንቱ እንደ ጨረሰ፣ ስንቱ በመካከል እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ፣ የተመረቁትም ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንደሚገኙ ይጻፍ። ወረቀቱ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ነገሩ ክፍሉን የሚያስነውር ቢሆን እንኳ ይለጠፍ። ነውሩን የሚደብቅ ክፍል ተማሪ ሊያገኝ ይችላል፤ እምነት ግን አያገኝም። ጥሩ ሥራ እየሠራ ስሙ ያልወጣለት ክፍልም በዚህ ወረቀት ይታወቃል። ስም የሌለው ክፍል ሁሉ ሥራ የሌለው አይደለምና።

የዩኒቨርስቲው አስተዳደር ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ይመልከት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ስለ ተመለሰ፣ አዲስ ገቢው የትምህርት ክፍሉን እስኪመርጥ ድረስ የማሰቢያ ጊዜ አለው። ይህ ጊዜ ግን ውጤት በማሳደድ ብቻ እያለቀ ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል በሩን ከፍቶ ቤተ ሙከራውንም፣ ባዶ መደርደሪያውንም ለአዲስ ገቢዎች ቢያሳይ የሚቀጠር ሰው አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው።

እኛ ተማሪዎችስ? የማኅበራችን አባላት ከሦስተኛ ዓመት በላይ ያሉትን አስተባብረው፣ በልደታና በአካባቢው ወዳሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በወላጆች ቀን እንዲሄዱ ሐሳብ እናቀርባለን። ከየትምህርት ክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ይሂድ፤ አንዱ ትምህርቱን የሚወድ፣ ሌላው የሚያማርር ይሁን፤ ወላጅ ሁለቱንም ይስማ። የሚሄዱትም የራሳቸውን ክፍል ለማሞገስ የሌላውን አያጣጥሉ። «እኛ መሐንዲሶች»፣ «እኛ ሐኪሞች» እያሉ በመዝናኛው መቀላለድ በግቢ ውስጥ ጨዋታ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ሲሰማው ግን የሕይወት ምክር ይመስለዋል።

ለሁለተኛ ደረጃ ታናናሾቻችንም የምንለው አለን። ምርጫችሁን ከመሙላታችሁ በፊት ሦስት ሰው ጠይቁ፤ አንድ የሚማር፣ አንድ የተመረቀ፣ አንድ በሥራው ዓለም የሚቀጥር። ሦስቱ የሚስማሙበትን ያዙ፤ የማይስማሙበትን መርምሩ። ጎረቤት የነገራችሁን በአክብሮት ስሙ፤ ጎረቤት ግን የሚነግራችሁ ያለፈውን መሆኑን ዕወቁ።

አንድ አገር ሐኪምም፣ አናጢም፣ መሐንዲስም፣ የታሪክ ሊቅም፣ የሒሳብ መምህርም ያስፈልጋታል። ይህን ሁሉ የምታገኘው ልጆቿ በየሰሞኑ ወደ አንድ በር ሲጋፉ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚገባበትን ዐውቆ ሲገባ ነው። ዐውቆ እንዲገባ ደግሞ በሩን የምናውቀው፣ በውስጡም የምንውለው እኛ እውነቱን መናገር አለብን። የሚመጣው የምርጫ ወራት ሳይደርስ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተጽፈው፣ የመጀመሪያዎቹ ጓደኞቻችን ወደ ትምህርት ቤቶቹ ሄደው እንድናይ እንመኛለን። በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የሚወድ ሁሉ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።